በልቶ ስለማይጠግብ ሰው
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር



በኢትዮጵያ ረኃብ የሚለው ቃል ሲነሣ የሁሉም አሳብ ወደ ጎተራው ይሄዳል። ዝናም ሲቀር፥ አንበጣ ሲወርድ፥ ከብት ሲያልቅ የሚመጣው ረኃብ ምን እንደ ሆነ አባት ለልጁ ሳይነግር የቀረበት ዘመን የለም፤ በ1880ዎቹ ዓመታት የደረሰውን ክፉ ቀን ያላየው ትውልድ እንኳ ስሙን ያውቀዋል። የዛሬው ንግግር ግን ስለዚያ ረኃብ አይደለም። እህል ሳይጠፋ፥ መሶቡም ሳይጎድል፥ ሰው በልቶ ስለማይጠግብበት፥ ከገበታም ተነሥቶ እጁን ታጥቦ ሳያበቃ እንደ ገና ስለሚራብበት ረኃብ ነው። ይኸኛው ረኃብ ከሰውነት ውስጥ የሚመጣ ነውና፥ እህል ቢጨመርለት ብቻ አይለቅም።

የአገሩ ሰው ለዚህ ነገር ስም አላጣለትም። ሲርበው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል፤ ወስፋት በአንጀት ውስጥ የሚኖር ትል ነውና፥ አባቶች ረኃብን ከሕመም ጋራ አያይዘው እንዳዩት ከዚህ አነጋገር ይታወቃል። ነገር ግን ይኸው ሰው ጎረቤቱ አብዝቶ ሲበላ ያየው እንደ ሆነ፥ ወስፋቱን ረስቶ «ሆዳም» ይለዋል። ለራስ ሲሆን ትል፥ ለጎረቤት ሲሆን ጠባይ ማለት ነው። ሆዳም የሚለውም ስም ቀላል ስድብ አይደለም። ሆዳም የተባለ ሰው በሸንጎ ቃሉ አይከበርለትም፤ ልጁን ሊድርለት ያሰበውም ሁለት ጊዜ ያመነታል፤ ሕፃን የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ስሙ እስኪያረጅ ድረስ አብሮት ይኖራል።

አስቀድሞ ግን ብርቱ ረኃብ ሁሉ በሽታ እንዳይመስል ማስታወቅ ያስፈልጋል። ሲያርስ የዋለ ገበሬ፥ በማደግ ላይ ያለ ጎረምሳ፥ ያረገዘች ወይም የምታጠባ እናት፥ ከንዳድ ወይም ከተስቦ የተነሣ ሰው፥ ሁሉም ከሌላው ጊዜ አብልጠው ይበላሉ። ይኸ የጤና ረኃብ ነው፤ ምልክቱም የተበላው ምግብ በሰውነት ወይም በሥራ ላይ መታየቱ ነው። ጎረምሳው ይረዝማል፥ እናቲቱ የምታጠባው ሕፃን ይወፍራል፥ ከሕመም የተነሣውም ሰው ፊቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት እንጀራ በላ?» ተብሎ ሳይሆን «የበላው ወዴት ሄደ?» ተብሎ ነው። አብዝቶ እየበላ የሚከሳ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ፥ ነገሩ የጠባይ መሆኑ ቀርቶ የሐኪም ይሆናል።

ረኃብ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት መናገር ይገባል። (በዚህ ንግግር ውስጥ የሚነሡት የውጭ አገር ታሪክ ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጨጓራ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይሰዳል፤ ይኸን የጃፓን ሊቃውንት በ1999 ዓ.ም. ገለጡት። የሰውነት ስብ ደግሞ ሌፕቲን የሚባለውን ይልካል፤ እርሱም በ1994 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ተገኘ። አንጎል በግርጌው ባለችው ትንሽ ክፍል የሁለቱን ቃል ተቀብሎ፥ በደም ውስጥ ያለውንም የስኳር ልክ መርምሮ፥ «ብላ» ወይም «በቃህ» ብሎ ይፈርዳል። ዳኛው አንጎል ነው፤ ምስክሮቹ ግን ጨጓራና ስብ፥ ደምና ዕጢዎች ናቸው። ምስክር ሐሰት የተናገረ እንደ ሆነ ዳኛው ቅን ሳለ ፍርዱ ይጣመማል። ለታመመ ሰው «ሆድህን ግዛ» ብሎ መምከር፥ ምስክሩን ትቶ ዳኛውን እንደ መገሠጽ ነው።

ከዚህ ረኃብ ምክንያቶች ሁሉ ቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የስኳር በሽታ ነው። አንድ የዐሥራ አንድ ዓመት ተማሪ በአሳብ ይታይ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ደኅና ነበረ። በኅዳር ግን ምሳ ብሎ ያመጣውን ከጥዋቱ በሦስት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ከዚያ የጓደኛውን ቆሎ ይለምናል፥ ካልሰጡትም ይሰርቃል። በትምህርት መካከል ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይወጣል፤ ሲመለስም በውኃው እንስራ በኩል ነው። መኝታ ማርጠብ ከተወ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ እንደ ገና ያረጥባል። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ስላስቸገረው በገመድ አስሮታል። መምህሩ ስለ ሌብነቱ ይቀጣዋል፤ እናቱ ስለ መኝታው ታፍርና ለማንም አትናገርም፤ አያቱ ቡዳ በላው ብላ ትጨነቃለች፤ አባቱም ሱሪው ያለ ልክ ተሰፍቷል ብሎ ሰፊውን ይወቅሳል። ሁሉም በየበኩላቸው አንድ አንድ ምልክት ይዘዋል፤ ረኃቡን፥ ጥሙን፥ ሽንቱንና ክሳቱን በአንድነት የያዘ ግን የለም። አራቱ በአንድ ሰው ፊት የተገናኙ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት በተላከ ነበር።

በዚህ ልጅ ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ይኸ ነው። ከጨጓራ በስተ ኋላ ቆሽት የሚባል ብልት አለ። ሰው እጅግ ሲናደድና ሲያዝን «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ ስሙን ሁሉ ያውቀዋል፥ ሥራውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ሆርሞን ይሠራል። እንጀራም ቢሆን ቂጣም ቢሆን ድንችም ቢሆን፥ በአንጀት ውስጥ ከተፈጨ በኋላ አብዛኛው ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል፤ ከደም ወጥቶ ወደ ሥጋ ለመግባት ግን ኢንሱሊን ያስፈልገዋል። ኢንሱሊን የታጣ እንደ ሆነ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሥጋው ግን ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ እንደ ጠፋበት ቤት በሙላት መካከል ይራባል። ኩላሊትም የተረፈውን ስኳር ከብዙ ውኃ ጋራ በሽንት ያወጣዋል። ውኃው ስለ ወጣ ጥም ይመጣል፤ ሥጋው ስላልተመገበ ረኃብ ይመጣል፤ ሰውነትም ሌላ ሲያጣ የራሱን ስብና ጡንቻ እያቀለጠ ይኖራል። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው የቀጰዶቅያ ሰው አሬቴዎስ የሚባል ሐኪም፥ ሥጋና እጅ እግር ቀልጦ በሽንት የሚወርድበት ደዌ ነው ብሎ የገለጠው ይኸንኑ ነበር። የቆሽት ነገር የታወቀው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1889 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ከተማ ፎን ሜሪንግና ሚንኮቭስኪ የተባሉ ሐኪሞች የአንድ ውሻ ቆሽት ቢያወጡ፥ ውሻው ያለ ልክ ይሸና ጀመር፤ ሽንቱም ቢመረመር ስኳር ተገኘበት።

መድኃኒቱ ሳይገኝ በፊት የነበረውን ሕክምና ማስታወስ ይገባል፤ ስለ ሆዳምነት የሚሰጥ ፍርድ የሐኪሞችንም ዓይን እንዴት እንደ ሸፈነ ያሳያልና። በ1870 ዓ.ም. የፓሪስ ከተማ በጀርመኖች ጦር ተከባ እህል ባነሰ ጊዜ፥ ቡሻርዳ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በታማሚዎቹ ሽንት ውስጥ የነበረው ስኳር እንደ ቀነሰ አስተዋለ። ከዚያ ወዲህ ምግብ መቀነስ ለስኳር በሽታ እንደ መድኃኒት ተቈጠረ። በ1910ዎቹ ዓመታት በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም ይሠራ የነበረው ፍሬደሪክ አለን ደግሞ ይኸን መንገድ እስከ መጨረሻው ተከተለው። ታማሚው ሽንቱ ከስኳር እስኪጠራ ድረስ ይጾማል፤ ከዚያም በኋላ ነፍሱን ለማቆየት ያህል ብቻ ተመዝኖ ይሰጠዋል። ሌላ መንገድ ያልነበረበት ዘመን ስለ ነበረ አለን ሊነቀፍ አይገባውም፤ በዚህም ሕክምና ዕድሜያቸው ጥቂት የተራዘመላቸው ነበሩ። ነገር ግን በእርሱ እጅ ከነበሩት ታማሚዎች አንዱ የዐሥራ ሁለት ዓመት ዓይነ ስውር ልጅ ነበረ። ምግቡ እየተመዘነ ሲሰጠው ሳለ በሽንቱ ውስጥ ስኳር መገኘቱ አልቀረም። ዕውርና ደካማ ልጅ ተሸሽጎ ምግብ ያገኛል ብሎ የጠረጠረ ስላልነበረ፥ ሐኪሞቹ በሽታው ጸናበት ብለው ምግቡን እንደ ገና ቀነሱበት። በኋላ ነገሩ ሲገለጥ፥ ልጁ የጥርስ ሳሙናና፥ ለምኖ ባስመጣት ወፍ ጎጆ ውስጥ የነበረውን የወፍ እህል ሲበላ እንደ ኖረ ታወቀ። ልጁም በረኃብ ሞተ። ወፊቱን ሲለምን ለጨዋታ የፈለጋት መስሏቸው ነበርና፥ የልጅ ረኃብ ምን ያህል ብልኃት እንደሚያስተምር ከዚህ ይታያል። ቆሎ የሰረቀውንም ተማሪ የሚቀጣ መምህር ይኸን ልጅ ቢያስበው መልካም ነው።

በ1921 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፥ በፕሮፌሰር ማክላውድ ቤተ ሙከራ፥ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከውሻ ቆሽት ኢንሱሊንን ለማውጣት ቻሉ። በጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ዓ.ም. ሊዮናርድ ቶምሰን ለተባለ፥ ከ30 ኪሎ ግራም በታች ይመዝን ለነበረ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ መርፌው ተሰጠው። መድኃኒቱ ገና ስላልጠራ የመጀመሪያው መርፌ ብዙ አልጠቀመውም። ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ፥ ጄምስ ኮሊፕ ያጠራው ሁለተኛው ሲሰጠው ግን በሽንቱ የነበረው ስኳር ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው የቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ልጅ ኤልሳቤጥ ወደ ቶሮንቶ መጣች። በአለን ሥርዓት ሦስት ዓመት ተርባ የኖረች፥ በዐሥራ አምስት ዓመቷ 20 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ የምትመዝን ልጅ ነበረች። ኢንሱሊን ካገኘች በኋላ ጠግባ መብላት ጀመረች፤ አግብታ ሦስት ልጆች ወለደች፤ እስከ 1981 ዓ.ም. ድረስም በሕይወት ኖረች። አግኚዎቹም የመድኃኒቱን መብት እያንዳንዳቸው በአንድ አንድ ዶላር ለዩኒቨርሲቲው ሸጡት። መድኃኒቱ ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስለዚህ ዛሬ በዚህ በሽታ የሚሞት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሞተው መድኃኒት በዓለም ስለ ሌለ ሳይሆን፥ በሽታው ሳይታወቅ ስለ ዘገየ ወይም መድኃኒቱ ወደ መንደሩ ስላልደረሰ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አብልጦ ሊጠበቅ የሚገባው ቀን አለ። ኢንሱሊን ያጣ ልጅ ረኃቡ እስከ መጨረሻ አብሮት አይቆይም። ሰውነት ስብን ብቻ እያቃጠለ ሲኖር ኬቶን የሚባል ኮምጣጣ ነገር በደም ውስጥ ይበዛል፤ በዚህ ጊዜ ረኃቡ ይጠፋል። ልጁ መብላት ይተዋል፤ ያስመልሰዋል፥ ሆዱን ይቈርጠዋል፤ ትንፋሹ እየጠለቀና እየፈጠነ ይሄዳል፤ የአፉም ሽታ እንደ በሰለ ፍሬ ይሆናል፤ ከዚያም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ቤተ ሰቡ «እሰይ፥ ሆዳምነቱ ለቀቀው» ብሎ የሚደሰተው በዚሁ ቀን ነው። ከዚያች ቀን በኋላ የቀረው ጊዜ በሰዓት እንጂ በሳምንት አይቈጠርም። አብዝቶ ሲበላ፥ ሲጠጣና ሲሸና ሰንብቶ የከሳ ልጅ በድንገት ምግብ የጠላ እንደ ሆነ፥ ሌሊትም ቢሆን ጥዋት ይሁን ሳይባል፥ በቃሬዛም ቢሆን በበቅሎም ቢሆን፥ ሐኪም ወዳለበት መድረስ አለበት። ጸበል የሚወስዱትም ወላጆች የሚነቀፉ አይደሉም፤ ጸበልና መርፌ አይጣሉም። የሚገድለው ጸበል መጠመቁ ሳይሆን፥ ሐኪም ሳያየው መሰንበቱ ወይም የተጀመረውን ኢንሱሊን «ድኛለሁ» ብሎ መተዉ ነው።

በሽታው የሚታወቀው ከጣት በሚወሰድ አንዲት ጠብታ ደም ነው። ሳይበሉ አድረው የተለካ የደም ስኳር በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ ሁለት ጊዜ ከተገኘ የስኳር በሽታ ይባላል፤ ምልክቶቹ ያሉበት ሰው ደግሞ በማናቸውም ሰዓት ሲለካ 200 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይበቃዋል። የጥንት የህንድ ሐኪሞች የታማሚው ሽንት ጉንዳን እንደሚስብ አይተው ነበር፤ በመንደርም ቢሆን ሽንት በፈሰሰበት ጉንዳን ሲሰበሰብ ማየት ጥርጣሬ ያመጣል፥ ምርመራውን ግን አይተካም።

የስኳር በሽታ የባለጸጋና የወፍራም ሰው በሽታ ነው የሚለው አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ተቀምጧል። በእርግጥ በጎልማሶች ላይ ቀስ ብሎ የሚመጣው ዓይነት ከውፍረትና ሥራ ከማጣት ጋራ ብዙ ጊዜ ይሄዳል፤ ያ ዓይነት ረኃቡ ላይበረታ፥ ሳይታወቅም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን በድኻ ገበሬ ቤት፥ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ምግብ ባጠረው ሰው ላይም የሚመጣ የስኳር በሽታ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1985 ዓ.ም. ለዚህ ዓይነት የራሱን ስፍራ ሰጥቶት ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ግን ከዝርዝሩ ወጣ። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀበለው። ሊቃውንቱ በስሙ ላይ ይከራከሩ፤ ሽማግሎች ማወቅ የሚገባቸው፥ ቀጭንና ድኻ መሆን ማንንም ከስኳር በሽታ ነጻ እንደማያደርገው ብቻ ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ሌላ ረኃብ አለ፤ ይኸውም ስኳር በደም ውስጥ እጅግ ሲያንስ በድንገት የሚመጣው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ዓ.ዓ. ወደ ፋርስ ዘምቶ የነበረ የግሪክ ሠራዊት በአርመን ተራሮች በበረዶ ላይ ሲመለስ፥ ወታደሮች በየመንገዱ እየወደቁ ይቀሩ ጀመር። አለቃቸው ዜኖፎን በሽታው ምን እንደ ሆነ ግራ ገባው። ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ግን ይኸ ቡሊሚያ፥ ማለት የበሬ ረኃብ፥ እንደ ሆነና ጥቂት ቢቀምሱ እንደሚነሡ ነገረው። ዜኖፎንም ከጭነት ከብቶች ላይ የተገኘውን ምግብ ሲያድል፥ የወደቁት በልተው ተነሥተው ሄዱ። እርሱ ራሱ በጻፈው መጽሐፍ ይኸ ይገኛል። ደማቸውን የለካ ባይኖርም፥ ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ መርፌውን ተወግቶ ምሳው ቢዘገይበት የሚደርስበት ከዚህ ብዙ አይርቅም። በድንገት ይርበዋል፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ያልበዋል፥ ልቡ ይመታል፤ አንዳንዱም እንደ ሰካራም ይለፈልፋል ወይም ያለ ምክንያት ይቈጣል። ይኸን ያየ መምህር «ደፈረኝ» ብሎ ከመቈጣት አስቀድሞ፥ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ሊሰጠው ይገባል። በሩብ ሰዓት ካልተሻለው ይድገምለት፤ ሲነቃም እንጀራ ወይም ዳቦ ይብላ። ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ግን በአፉ ምንም አይጨመርበትም፥ ያንቀዋልና፤ በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ሌሎቹን ምክንያቶች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በአንገት ላይ ያለችው ዕጢ ከልክ በላይ የሠራች እንደ ሆነ ሰውነት እንደ ተናፈሰ እሳት ይነዳል፤ ሰውየው አብዝቶ እየበላ ይከሳል፥ ሙቀት አይችልም፥ ልቡ ይመታል፥ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፥ እንቅልፍ ያጣል፤ አንዳንዱም ዓይኑ ይፈጥጣል። በደጋ አገር ከአዮዲን ማነስ የሚመጣው እንቅርት ብዙ ስለ ሆነ፥ እንቅርት ያለበት ሁሉ ይኸ በሽታ አለበት ማለት አይደለም፤ እንቅርት ሳይታይም ሊኖር ይችላል።

ትልን በተመለከተ፥ አባቶች ጥሬ ሥጋ ይበሉ ነበርና በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ረኃብን ሁሉ በትል ማመካኘትም ከዚያ የመጣ ይመስላል። ነገር ግን የኮሶ ትል ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ትሉ በዐይነ ምድር ሲወጣ ከማየት በቀር ምንም አይሰማውም፤ ረኃብ የሚጨምርበት አለ፥ ምግብ የሚጠላም አለ። ስለዚህ ልጁ ከከሳ በኋላ ወር ሙሉ በትል መድኃኒት ማመላለስ ጊዜ ማጥፋት ነው። ለትሉም ቢሆን ልኩ ከማይታወቅ መራራ ኮሶ ይልቅ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው እንክብል ይሻላል።

ከመድኃኒት የሚመጣ ረኃብም አለ። ለአስምና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን፥ ለአእምሮ ሕመምም ከሚሰጡት አንዳንዶቹ፥ ሰውን ያስርባሉ። እነዚህን ታማሚው በገዛ እጁ ማቋረጥ የለበትም፤ ለሰጠው ሐኪም ይንገር። ኀዘንና ጭንቀትም ሰውን ሌሊት ተሸሽጎ እስኪያመው ድረስ እንዲበላ፥ ኋላም አፍሮ እንዲያስመልስ ያደርጉታል፤ ይኸም የታወቀ ሕመም ስለ ሆነ በስድብ አይድንም። በመጨረሻም ከፍጥረታቸው ጥጋብን የማያውቁ ልጆች አሉ። በ1956 ዓ.ም. ፕራደር፥ ላብሃርትና ቪሊ የተባሉ የስዊስ ሐኪሞች የጻፉለት ይኸ በሽታ ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዝ ነው፤ ልጁ ሲወለድ ዝልፍልፍ ነው፥ መጥባትም ያቅተዋል፤ ጥቂት ዓመት ሲሆነው ግን ያለ ማቋረጥ ይራባል፥ ይወፍራልም። ለእንዲህ ያለው ልጅ ምግቡን በሰዓት ሰጥቶ ማድቤቱን መቈለፍ ጭካኔ አይደለም። ለስኳር ታማሚው ልጅ ግን ያው መቈለፍ ጭካኔ ነው። ምክንያቱን ሳያውቁ አንድ ፍርድ ለሁሉ መስጠት የማይሆነው ስለዚህ ነው።

እስኪመረመር ድረስ የታማሚው ምግብ ሊከለከል አይገባም፤ ውኃም እንዲሁ። ሽንቱ ይብቃለት ተብሎ ውኃ የተከለከለ ልጅ በሁለት ቀን ይደርቃል። ስኳር የበዛበት ሻይ፥ ለስላሳ መጠጥ፥ ብርዝና ጠጅ ግን ይቆዩ፤ ረኃቡን አያስታግሡትም፥ በሽታውን ያከፉታል። በሽታው ታውቆ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ምግቡ በሰዓቱ ይሁን፤ ከእንጀራው ቀነስ፥ ከምስሩ፥ ከሽምብራው፥ ከባቄላውና ከጎመኑ ጨመር ያለ እንደ ሆነ ጥጋቡ ይቆያል። የክብደት ሚዛን በሌለበት ቀበሌ የመቀነት ወይም የቀበቶ ቀዳዳ ምስክር ይሆናል፤ በአንድ ወር ሁለት ቀዳዳ የገባ ቀበቶ ችላ አይባልም። በጾም ወራት ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋራ አስቀድሞ ይማከር፤ ሕመምተኛ በጾም እንዳይገደድ ሽማግሎች ያውቃሉና፥ ልጁ በጎረቤት ፊት እንዳያፍር ይኸን በቃላቸው ቢያጸኑለት ከሐኪም ምክር ይልቅ ይሰማሉ።

ኢንሱሊን ፀሐይና እሳት ያበላሸዋል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ትንሹን ሸክላ በትልቁ ሸክላ ውስጥ አግብቶ፥ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ አሸዋውን ዘወትር ማርጠብ ነው፤ ነፋስ ባለበት ጥላ የተቀመጠ እንደ ሆነ ውስጡ ይቀዘቅዛል። መምህሩም በጠረጴዛው መሳቢያ ጥቂት ስኳር ያኑር፤ ልጁ ለሽንትና ለውኃ ሲወጣ ፈቃድ አያስለምነው፤ መርፌውን ሲወጋ የሚስቁበትን ልጆች ይገሥጽ።

አንድ ነገር ይቀራል። ኢንሱሊን የጀመረ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበፊቱ የባሰ ይበላል፤ ወላጆችም «መድኃኒቱ አልሠራም፥ ይኸው አሁንም አይጠግብም» ብለው መርፌውን ሊያስቆሙ ያስባሉ። ይኸኛው ረኃብ ግን የቀለጠውን ሥጋ መልሶ የሚሠራ ነው፤ ሊሰጠው ይገባል። ለማወቅ የሚፈልግ የልጁን ወገብ ይመልከት፤ ሱሪውን ያሰረበት ገመድ ከሁለት ወር በኋላ አያስፈልገውም።